ሰውየውን ልምረጥ ወይስ ፓርቲውን? ለግል ተወዳዳሪ የሚሰጥ ድምፅ ውኃ በላው ማለት ነው?

ጸሐፊው ከአራዳ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ የሞኝ ሊመስል ይችላል። ግን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የየራሱን ስለነገረኝ እዚህ አመጣሁት።

ጎንደር፣ አራዳ ላይ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ምርጫ ሲቃረብ የፓርቲ ሰው ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣ። አንዱ በራሪ ወረቀት ያሳትማል፣ አንዱ የአባልነት ቅጽ ያባዛል፣ አንዱ መታወቂያ ኮፒ ያስደርጋል። እኔ ለሁሉም እኩል ነኝ፤ ሒሳቡን እስከከፈሉ ድረስ።

አሁን ግን ነገሩ ቤቴ ድረስ ገባ። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማረኝ መምህር ለፓርላማ በግል ሊወዳደር ነው እየተባለ ነው። ሰውየውን በደንብ አውቀዋለሁ። የማንንም ልጅ ውጤት ጨምር ቢሉት የማይጨምር፣ ከክፍል የቀረ ተማሪ ካለ ቤቱ ድረስ ሄዶ ወላጅ የሚያናግር ሰው ነው። አጎቴ «ሰው ነው የሚመረጥ፤ ፓርቲማ ዛሬ ያለው ነገ ስሙን ቀይሮ ይመጣል» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ይስቅብናል። «ለግል ተወዳዳሪ የሰጠኸውን ድምፅ ውኃ በላው በለው። 547 ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ አንድ የሒሳብ መምህር ምን ያመጣል?» ነው የሚለው። ባለቤቴ ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይደለችም። «እኔ የምመርጠው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነው፤ ሌላውን አላውቅም» ትላለች። እንዲህ ያለ ወረቀት የለም ብላት አልሰማ አለችኝ።

እና የምታውቁ ካላችሁ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ቀጥታ የማንመርጠው ለምንድን ነው? ለግል ተወዳዳሪ መስጠት እውነት ድምፅ ማባከን ነው? መምህሩ ቢያሸንፍስ ለእኛ ሰፈር ውኃ የሚያመጣበት መንገድ አለ ወይ? የእኛ ሰፈር ውኃ በወረፋ እንደሆነ፣ ወረፋውም ደርሶ ጠብ የማይልበት ጊዜ እንዳለ የጎንደር ሰው ስለሆናችሁ አልነግራችሁም።

—

ከማራኪ፦

ወንድም ጸሐፊው፣ ባለቤትህ ብዙ አልራቀችም። እንዲያውም ከሦስቱ ለነገሩ የቀረበችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

የእኛ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 45 ላይ በግልጽ ያስቀምጠዋል። አንተ ጎንደር ላይ ሆነህ የምትመርጠው የምርጫ ክልልህን ወኪል ነው፤ ሌላ ማንንም አይደለም። ከየምርጫ ክልሉ የተመረጡት ተሰብስበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሆናሉ። ሕገ መንግሥቱ ከ550 እንዳይበልጥ ይላል፤ ያለው ወንበር 547 ነው። ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። እንግዲህ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 274 ወንበር፣ ብቻውንም ሆነ ከሌላ ፓርቲ ጋር ተጣምሮ የያዘ መንግሥት ይመሠርታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው፤ አንቀጽ 73ን እየው። የሥራ ዘመኑም የምክር ቤቱን ዕድሜ ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ያም አምስት ዓመት ነው።

ስለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነው ሰውም መጀመሪያ የራሱን ምርጫ ክልል ማሸነፍ አለበት። በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ድምፅ የሰጡት ጅማ ዞን፣ በሻሻ ሄደው ነው፤ የተወዳደሩትም እዚያው ነው። እኛ ጎንደር ሆነን የእሳቸው ስም ያለበት ወረቀት እጃችን ሊገባ አይችልም። ባለቤትህ የአንድን ፓርቲ ዕጩ ስትመርጥ ግን የዚያን ፓርቲ መሪ ወደ 274 አንድ እርምጃ አስጠጋችው ማለት ነው። በተዘዋዋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር መረጠች ብትል አልዋሸችም።

መምህሩን የመረጥክ ቀን ግን ይህን አታገኝም። ማን መንግሥት ይመሥርት በሚለው ላይ ድምፅ አልሰጠህም። ማን ይናገርልኝ በሚለው ላይ ነው የሰጠኸው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ችግሩ አንዲቷ ወረቀት ሁለቱንም ትጠይቅሃለች፤ መልስ ማስቀመጫዋ ግን አንድ ነው።

ፕሬዚዳንቱን ደግሞ ማንም ወረቀት ላይ አይጠይቅህም፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የተወካዮቹና የፌዴሬሽኑ፣ በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይሰይማሉ። ይህን የጨመርኩት ቀጣዩ ጥያቄ እሱ እንደሚሆን ስለማውቅ ነው።

—

ቁጥር ይናገር፦

ወንድምህ «ድምፅህን ውኃ በላው» ያለው ግማሹ ልክ ነው፤ ግን ምክንያቱን አልነገረህም። ነገሩ ያለው ከግል ተወዳዳሪነቱ ላይ አይደለም። የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የምንለው፣ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ብቻ ወንበሩን የሚወስድበት፣ እሱ ነው የሚበላው።

ፋሲል ከነማ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም 5 ለ 0 ቢያሸንፍም ያው 3 ነጥብ ነው አይደል? ምርጫ ክልልም እንደዚያ ነው። በምሳሌ ልንገርህ፤ ቁጥሩ የእኔ ፈጠራ ነው። በአንድ ምርጫ ክልል 30,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው ፓርቲ 12,000፣ ሁለተኛው 10,000፣ መምህሩ 8,000 አገኙ። ወንበሩ የአንደኛው ነው፤ ሙሉውን። ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው፣ 18,000ው፣ ሌላ ሰው ነበር የፈለገው። ሁለተኛ ዙር የለም፣ የተረፈ ድምፅ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለም። የመምህሩ 8,000 ብቻ ሳይሆን የሁለተኛው ፓርቲ 10,000ም አብሮ ተበልቷል። ስለዚህ «ለግል ሰጥተህ አታባክን፣ ለእኛ ስጥ» የሚልህ ፓርቲ ሁለተኛ ከወጣ ያንተን ድምፅ እሱም ያባክነዋል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስልህ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ሌበር ፓርቲ ያገኘው ድምፅ ከመቶ 34 አይሞላም። ያገኘው ወንበር ግን ከ650ው 411 ነው! በዚያው ምርጫ ሪፎርም የሚባለው ፓርቲ ከመቶ 14 አካባቢ ድምፅ አግኝቶ 5 ወንበር ብቻ ወሰደ። ከሱ ያነሰ ድምፅ ያገኙት ሊበራል ዴሞክራቶች 72 ወንበር ያዙ። ለምን? የሊበራሎቹ መራጭ በተወሰኑ ቦታዎች ተከማችቷል፤ የሪፎርሙ አገር ምድሩ ላይ ተበትኗል። አንድ ቦታ ተሰብስቦ አንደኛ መውጣት በየቦታው ሁለተኛ ከመውጣት ይሻላል።

እዚህ ላይ ነው ለመምህርህ ተስፋ ያለው። የግል ተወዳዳሪ አገር ሙሉ መበተን አይጠበቅበትም። የራሱን ሰፈር ካሸነፈ በቃው።

አገራችን ላይ ይህ ሥርዓት ምን እንዳደረገ ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ1997 ለተቃዋሚዎቹ ለቅንጅት 109፣ ለኅብረት 52 ወንበር ተሰጣቸው፤ ለገዢው ኢሕአዴግ ብቻውን 327። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ የተቃዋሚው የመድረክ፣ አንድ የግል። በ2007 እነሱም ተጠረጉና 547ቱም በአንድ በኩል ሆነ። እውነት አንድም ምርጫ ክልል ላይ ሌላ የሚፈልግ ሰው ጠፍቶ ነው? ይህን የሥርዓቱ ስሌት ብቻ አያመጣውም፤ የሜዳው ጉዳይም አለበት። ግን ስሌቱም ሥራውን ሠርቷል።

ለእኔ መፍትሔው ተመጣጣኝ ውክልና ነው፣ ፓርቲ ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር የሚያገኝበት፤ ወይም የሁለቱ ቅልቅል። ኒውዚላንድ በሕዝበ ውሳኔ የእንግሊዙን ዓይነት ትታ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቅልቅሉን ትጠቀማለች፤ አንድ ድምፅ ለሰው፣ አንድ ድምፅ ለፓርቲ። ያንተ ጭንቀት እዚያ አገር የለም ማለት ነው፤ መምህርህንም ፓርቲህንም በአንድ ቀን ትመርጣለህ። እኛ ጋ ግን ለተወካዮች ምክር ቤት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንቀጽ 54 ላይ ስለተጻፈ እንዲህ በቀላሉ የሚነካ አይደለም።

—

ትርንጎ ዘአዘዞ፦

ቁጥሩን ቁጥር ይናገር ጨርሶታል። እኔ በ2013 የምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ነበርኩና «የባከነ ድምፅ» የምትሉት ነገር በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ድምፅ መስጫው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነበር። ማታ 12 ሰዓት እንዘጋለን ብለን ስንጠብቅ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ ተባለ። ሰኔ ነው፣ ዝናቡን አትጠይቁኝ። እናቶች ነጠላቸውን ደርበው ቆመዋል። ወረፋው ላይ ቡና አፍልታ ያመጣች ጎረቤት ሁሉ ነበረች፤ ለጣቢያው ሠራተኛ ማቅረብ አይቻልም ብለን መለስናት፣ ተቀየመች።

ከተዘጋ በኋላ ነው ዋናው ሥራ። መጀመሪያ ያልተሠራበት ወረቀት ይቆጠራል። ከዚያ ሳጥኑ በታዛቢና በተወካዮች ፊት ይከፈታል። አንዷ ወረቀት ትነሣለች፣ ለሁሉም ትታያለች፣ የዕጩው ስም ይነበባል፣ በየዕጩው ትከመራለች። በዚህ መሀል ነው ሰው የሚታወቀው። አምስቱም ዕጩ ላይ ምልክት ያደረገ አለ፤ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም ነው ነገሩ። ጣቱን በወረቀቱ ዳር የጫነ አለ። አንዷ ወረቀት ላይ ደግሞ ምልክትም የለ ምንም የለ፣ ከላይ እስከ ታች በትልቁ «ውኃ» ተብሎ ተጽፎባታል። ሁላችንም ሳቅን። የአንዱ ፓርቲ ወኪል «ይህማ ለእኛ ነው፣ ውኃ ቃል የገባነው እኛ ነን» አለ። የሌላው ወኪል አልተቀበለውም፤ በደንቡ ተበላሸ ተባለችና ከተበላሹት ጋር ተቀመጠች።

የባከነ ድምፅ ማለት ለእኔ ያቺ ናት። ለተሸነፈ ዕጩ የተሰጠች ድምፅ ግን ትቆጠራለች፣ ቅጽ ላይ ትጻፋለች፣ ወኪሎች ይፈርሙባታል፣ ማታውኑ ወይ በማግሥቱ ጣቢያው በር ላይ ትለጠፋለች። ጠዋት ሰው መጥቶ ያነባታል። «ለካ በዚህ ሰፈር ይህን ያህል ሰው እሱን ፈልጎታል» ይባላል። ያሸነፈውም ያያታል። ሁለት ሺህ ሰው አልመረጠኝም ብሎ የሚያውቅ ተመራጭና ሁሉም መረጠኝ ብሎ የሚያስብ ተመራጭ እኩል አይፈሩም።

ስለዚህ ጸሐፊው፣ ማሸነፍ ብቻ አይደለም ነገሩ።

—

ተወኝ ባክህ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች። እንግሊዝ፣ ኒውዚላንድ፣ አንቀጽ ምናምን። ገጠር ወጥቶ የሚቀሰቅሰው ማን ነው? መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ በሆነበት? በ2013 እንኳ ትግራይ ሙሉ በሙሉ አልመረጠም፤ 38ቱ ወንበር ባዶውን ነው የቀረው። እዚሁ ክልላችን ውስጥም ድምፅ ያልተሰጠባቸው ምርጫ ክልሎች ነበሩ። ሰው ሥራ ሄዶ በሰላም መመለሱን እያሰላ እናንተ ስለ ወንበር ስሌት ታወራላችሁ። መምህሩ ደህና ሰው ከሆነ ልጆቹን ያስተምር። ፖለቲካ ገብቶ ስሙን ከሚያስበላ።

—

ሽማግሌው ከቀሃ፦

እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ይጽፋል። ስሕተት ካለ የእሱ ነው።

ተወኝ ባክህ ያልከው ልጅ፣ አልፈርድብህም። የተናገርከው ሐሰት የለበትም። ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ደህና ሰው ሁሉ ስሜ ይበላል ብሎ ቤቱ ከተቀመጠ ወንበሩ ባዶ አይቀርም፣ ሌላ ይቀመጥበታል።

ሰው ወይስ ፓርቲ ላላችሁት፣ እኛ ሁለቱንም አይተናል። በጃንሆይ ጊዜ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ በሕዝብ ይመረጥ ጀመር፤ ሴቶችም የመምረጥ መብት ያገኙት ያኔ ነው። ታዲያ ሁሉም በግሉ ነበር የሚወዳደረው። አጎትህ የሚለው ማለት ነው፣ ሰው ነው የሚመረጥ። ምን ሆነ? ለመወዳደር በአካባቢው ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የሚታወቀው ሰው ማን ነው? ባለመሬቱ፣ ባለሱቁ፣ የባላባት ልጅ። ደህና ደህና ሰዎችም ገብተዋል፤ ጠንከር ያለ ጥያቄ የጠየቁም ነበሩ። ግን አንድ ሆነው የሚቆሙበት ድርጅት ስለሌላቸው አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ሚኒስትሮቹን የሚሾሙት ጃንሆይ ናቸው፤ እንደራሴው ቢቆጣም ቢስቅም መንግሥት አይወድቅም።

በ1997 ደግሞ ተገላቢጦሽ። ያኔ ሰውየውን ማን አየው? ክርክሩን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሰማን፣ ከዚያ ግማሹ ሰው የኢሕአዴግን ምልክት ንብ፣ ግማሹ የቅንጅትን ሁለት ጣት። የዕጩውን ስም ሳይጠይቅ የመረጠ ጎረቤት ነበረኝ፤ «ማንን መረጥክ?» ስለው ጣቶቹን ያሳየኛል እንጂ ስም አያውቅም። ኋላ ውጤቱ ክርክር ሲያስነሣ፣ ፓርላማ እንግባ አንግባ የሚለው አዲስ አበባ ላይ በድርጅቱ መሪዎች ነው የተያዘው። እኛ የመረጥነው ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ አይቀመጥ እኛን የጠየቀን የለም። መሪዎቹ ታሰሩ፣ በ1999 በይቅርታ ወጡ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

እኔ ከሁለቱ ይህ ይሻላል አልልህም ልጄ። ፓርቲ የሌለው ሰው ብቻውን ይጮኻል። ፓርቲ ያለው ሰው ፓርቲው ሲያዘው ዝም ይላል። ደህና ነው የምለው ፓርቲውም እንዲናገር የሚፈቅድለት፣ እሱም መናገር የማይፈራ ሰው ብታገኝ ነው። ካገኘህ ንገረን።

—

ቁጥር ይናገር፦

አባባ፣ እድሜ ይስጥዎት። «ብቻውን ይጮኻል» ባሉት ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የግል ተመራጭ ዋጋ የሚለካው እሱ በያዘው ወንበር አይደለም፤ በቀሩት ወንበሮች ክፍፍል ነው።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያየነው ይህን ነው። 150 ወንበር አለ፤ ለመንግሥት 76 ያስፈልጋል። የዚያ አገር ሌበር ፓርቲ 72 አገኘ፣ ተቀናቃኙ ጎራም እዚያው ላይ ቆመ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል አገሩ ሁሉ ጥቂት የግል ተመራጮች ምን እንደሚሉ ሲጠብቅ ከረመ። ሁለቱ ከገጠር ምርጫ ክልል የመጡ ነበሩ። ድጋፋቸውን ለሌበሯ መሪ ለጁሊያ ጊላርድ ሰጡና፣ ከሌሎች ሁለት አባላት ድጋፍ ጋር 76 ሞላ፤ በምላሹም ለየገጠሩ ብዙ ነገር አስገቡ። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2024 የሞዲ ፓርቲ ከ543 ወንበር 240 ብቻ ሲያገኝ መንግሥት የመሠረተው በትናንሽ የክልል ፓርቲዎች ትከሻ ነው።

አንድ ፓርቲ 400 በያዘበት ምክር ቤት ውስጥ ግን የግል ተመራጭ ድምፅ ውሳኔ አይቀይርም። በ2013 የመጀመሪያው ዙር ውጤት ገዢው ብልፅግና 410፣ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል 4 ነበር። እዚህ ላይ የግል ተመራጩ ያለው መሣሪያ አንድ ነው፣ አፉ። ቀላል መሣሪያ ግን አይደለም። ከ2002 እስከ 2007 ባለው ምክር ቤት ተቃዋሚ የሚባለው አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን ነበሩ። ድምፅ ሲሰጥ «በአንድ ተቃውሞ» እየተባለ ያልፍ ነበር። ሕግ አላስቆሙም። ግን ያቺ «አንድ ተቃውሞ» ባትኖር ኖሮ «በሙሉ ድምፅ» ነበር የሚባለው።

—

ጸሐፊው ከአራዳ፦

እናመሰግናለን ሁላችሁንም። ሽማግሌው ያሉትን ለአጎቴ አነበብኩለት፤ «የባላባት ልጅ ያሉት እኔን ነው ወይ?» አለ።

ውኃው ላይ ግን ማንም አልመለሰልኝም። ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። መምህሩ በግል አሸንፎ ገብቶ ከዚያ ገዢው ፓርቲ ውስጥ ቢገባስ? እኔ የመረጥኩት ሰው ሌላ ሆነ ማለት ነው። መልሼ ልጠራው እችላለሁ?

—

ከማራኪ፦

መልሶ ስለ መጥራት፦ አንቀጽ 54 መጨረሻው ላይ መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ወንበሩን ያጣል ይላል። ወረቀቱ ላይ መብቱ አለህ ማለት ነው። ግን አባሉ ተጠሪነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ተብሎም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ተጽፏል። ፓርቲ መቀየሩን «ኅሊናዬ ነው» ካለህ ሙግቱ ይረዝማል። በእኔ አስተያየት ይህን የምትጨርሰው ከምርጫው በፊት ነው። በራሪ ወረቀቱን ሊያሳትም አንተ ጋ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ጠይቀው፦ ከገባህ ከማን ጋር ትቀመጣለህ? በጀት ሲቀርብ፣ አዋጅ ሲቀርብ ድምፅህን በምን ታሰላዋለህ? «እንደ ሁኔታው» ካለህ እኔ ብሆን አልመርጠውም፤ የፈለገ ጥሩ መምህር ይሁን።

ውኃውን በተመለከተ መራራውን ልንገርህ። የሰፈርህ ቧንቧና የወረፋው ነገር የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ አይደለም። የከተማው አስተዳደርና የክልሉ ነው። በጠቅላላ ምርጫ ቀን ሁለት ወረቀት የሚሰጥህ ለዚህ ነው፤ አንዱ ለፌዴራሉ፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት። የክልላችን ምክር ቤት 294 ወንበር አለው። ሰው ግን ያንን ወረቀት እንደ ትርፍ ነገር ነው የሚያየው፤ ስለሱ ሲከራከር የሰማሁት የለም። የከተማ ምክር ቤትና የቀበሌ ምርጫ ደግሞ እኛ ጋ ከ2005 ወዲህ አልተካሄደም። ያኔ የመረጠች የ18 ዓመት ልጅ ዛሬ ሰላሳ ዓመት አልፏታል። ስለ ውኃ የምትጠይቀውን ሰው በቀጥታ የምትመርጥበት ወረቀት ነበር እሱ። ፓርቲዎቹ ሁሉ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ሲናከሱ ይህን የሚያነሣው ጥቂት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

መምህሩ ፌዴራል ቢገባ የሚነካው አንድ ነገር ለጎንደር ውኃ ይሰጣል የተባለው የመገጭ ግድብ ነው፤ እሱ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው፤ ስንት ዓመት «ደርሷል» ሲባል እንደሰማን ታውቀዋለህ። በጀት በሐምሌ 1 ስለሚጀምር ምክር ቤቱ ሰኔ ላይ ያጸድቃል። ከዚያ በፊት ሚኒስትሮቹ ቀርበው ይጠየቃሉ። አንድ ሰው እዚያ ተነሥቶ «ለመገጭ ዘንድሮ ስንት ተያዘ? ካለፈው ዓመትስ ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። ሒሳብ መምህር ነው አላልክም? ለዚህ ጥያቄ ከእሱ የተሻለ ሰው አይገኝም። ውኃ ያመጣልሃል ግን አልልህም።

—

ተወኝ ባክህ፦

የከተማው ምርጫ ከ2005 ጀምሮ አለመካሄዱን ዛሬ ነው ልብ ያልኩት። ጉድ ነው። እሺ፣ መምህሩ ያንን የሚያነሣ ከሆነ ልሰማው እችላለሁ። ልሰማው አልኩ እንጂ እመርጠዋለሁ አላልኩም።

—

ትርንጎ ዘአዘዞ፦

በሉ እናንተ ስትከራከሩ ምዝገባው እንዳያልፋችሁ። በ2013 የድምፅ መስጫው ቀን መጥተው «ስሜ የለም» ብለው የተጣሉን ሰዎች አብዛኞቹ የምዝገባው ሰሞን ፖለቲካ ሲተነትኑ የከረሙ ናቸው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ በቀበሌያችሁ ወዳለው ጣቢያ ሂዱ፣ ካርዱን ስትቀበሉ ስማችሁና የአባታችሁ ስም በትክክል መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ጸሐፊው፣ አንተ ደግሞ የካርዱን ኮፒ በነጻ አድርግላቸው።